መለያየትስ እንደ እኛ!

የጥንት አባቶች ለመለያየት ብዙ ይደክሙ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ451 ኬልቄዶን ላይ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሲመረምሩ፣ ሲከራከሩና ሲያወግዙ ሰነበቱ። ምስኪኖች! አንዲት የዶግማ ነጥብ ሳይነኩ መለያየት እንደሚቻል የሚነግራቸው አላገኙም። ይህን ለዓለም ያሳየነው እኛ የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ምእመናን ነን።

ቅዳሴው ያው ነው። ዜማው የቅዱስ ያሬድ፣ ጾሙም ያው። አቡነ መርቆሬዎስ በ1983 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1984 አቡነ ጳውሎስ ከተሾሙ ወዲህ ግን በጸሎት የሚጠራው የፓትርያርክ ስም ለብቻው ይበቃን ጀመር። አንዱ ሲኖዶስ አገር ቤት፣ ሌላው ስደት ላይ ሆነው ተወጋገዙ። ሁለት ያነሰባቸው ትጉሃን ደግሞ ሦስተኛውን ጨመሩልን፤ ገለልተኛ።

በረከቱ ተነግሮ አያልቅም። ለሊቀ መንበርነት የተፈጠረ ሰው ሁሉ የሚመራው ቦርድ አገኘ። ጠበቃውም፣ ቁልፍ ሠሪውም እንጀራ በላ። ቅዳሜ ማታ የተቀየረ ቁልፍ እሑድ ንጋት ላይ አልከፍት ሲል ማየት የሚሰጠውን መንፈሳዊ ደስታ ያላየው አያውቀውም፦ ነጠላ የተከናነቡ እናቶች በብርድ ቆመው፣ ዲያቆኑ ጽናሐውን እንዳንጠለጠለ፣ ፖሊሱ ከሁለቱም ወገን የቀረበለትን ባለ ማኅተም ወረቀት እያገላበጠ። ማኅተሞቹ ሁለቱም ክብ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ መስቀል አለ።

የሚያሳፍሩን ከአገር ቤት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ እናቶች ናቸው።

«ዛሬ ማርያም ናት፤ አድርሱኝና ልሳለም» ይላሉ።

«የትኛዋ ማርያም፣ እማዬ?»

«ደግሞ ስንት ማርያም አለች?»

ልጅ በትዕግሥት ያስረዳል፤ ቅርቧ የእነ እንትና ናት፣ አጎታችን የሚሄድባት ደግሞ ከእኛ ጋር ተካስሳለች፣ የእኛዋ አንድ ሰዓት ታስነዳለች። እማማ ሰምተው ሲያበቁ ወደ ምሥራቅ ይዞራሉ፤ በዚያችው ጠባብ ሳሎን፣ በቴሌቪዥኑና በሶፋው መካከል፣ ውዳሴ ማርያማቸውን ገልጠው ይደግማሉ። ቦርድ የለ፣ ማኅተም የለ! የአጎትየውንም ስም ከልጆቻቸው ስም ጋር አብረው ይጠራሉ። እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ጸሎት ቢዛመት ጠቅላላ ጉባኤያችን በምን አጀንዳ ይሰበሰባል?

አንድ ጊዜ ክፉኛ ደንግጠናል። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ሁለቱ ሲኖዶሶች ታረቁ፤ አቡነ መርቆሬዎስም ከሃያ ዓመታት በላይ ከቆየ ስደት በኋላ ወደ አገራቸው ገቡ። የሩብ ምዕተ ዓመት ልፋታችን በአንድ ሳምንት ገደል ሊገባ! ደግነቱ ገለልተኞቻችን አሉ። ሁለቱ ከታረቁ በኋላ ከማን ገለል እንዳሉ ሳይጠይቁ የጸኑትን አጥቢያዎች ውለታ ታሪክ አይረሳውም። ዕርቁን የተቀበሉትም ቢሆኑ ቁልፉን ለመመለስ አልቸኮሉም።

አሁን የቀረው ስጋት እዚሁ የተወለዱት ልጆች ናቸው። ማን ማንን እንዳወገዘ ሲነገራቸው ያዛጋሉ። ሲብስ ደግሞ የእነዚያኛው ወገን ልጆች የጥምቀት ዕለት ሲዘምሩ ሄደው አብረው ይዘምራሉ፤ ዜማው አንድ ስለሆነ ማን የማን እንደሆነ እንኳ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የተከበረው ቦርድ የመለያየት ታሪካችንን በሰንበት ትምህርት ቤቱ መርሐ ግብር ውስጥ በአስቸኳይ ያስገባልን ዘንድ በትሕትና እናመለክታለን። ፈተናም ይኑረው።