ይድረስ ለክቡር ሰርኩላር

ቁጥር፦ መዝገብ ቤቷ ከስብሰባ ስትመለስ ይሰጠዋል
ቀን፦ ሪፖርት መዝጊያ ሰሞን
ጉዳዩ፦ ትንሽ እንድንተነፍስ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። እርስዎ፣ ከላይ ወደ ታች ለሁሉም የሚበተኑት የመመሪያ ደብዳቤ፣ ባያውቁኝም እኔ አውቅዎታለሁ። ከበሽተኛ ካርድ ይልቅ እርስዎን ሳነብ ነው የምውለው።

መጀመሪያ ስለ አመጣጥዎ ላንሳ። ድሮ በክብር ነበር የሚመጡት። ከወረዳ ሰው በሞተር ይዞዎት ይመጣል። መዝገብ ቤት በገቢ ደብዳቤ መዝገብ ያሰፍርዎታል። እኔ ጥግዎ ላይ «ለሚመለከተው» ብዬ እመራዎታለሁ። የሚመለከተውም ሰው ፋይል ያደርግዎታል። ሁላችንም በሰላም እናድር ነበር።

አሁን በቴሌግራም ሆነ። ማታ 3 ሰዓት፣ እራት ቀርቦ፣ ስልኬ ይጮኻል። ስከፍተው ዘንበል ብሎ የተነሳ ፎቶ ነዎት። ክብ ማኅተሙ ልክ ቀኑ ላይ አርፏል። ግራ ጥግ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ይታያል። ገጽ 1 አለ፣ ገጽ 3 አለ፣ ገጽ 2 የለም። ከሥር ደግሞ በደማቁ፦ ጥብቅ ማሳሰቢያ፣ መልሱ ዛሬ እስከ ቀኑ 6፡00 ድረስ እንዲላክ። ልብ ይበሉ፣ የደረሱኝ ማታ 3 ሰዓት ነው።

ከዚያ ግሩፑ ውስጥ ሰልፍ ይጀመራል። «ደርሶናል።» «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።» «ደርሶናል፣ ወደ ተግባር ገብተናል።» የቱ ተግባር? አንድ ደፋር የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን «ገጽ 2 ቢላክልን» ብሎ ጻፈ። «በደንብ አንብበው ይጠይቁ» የሚል መልስ መጣለት።

እርግጥ ከላይ ሲነሱ እንዲህ አይደሉም። መንገዱ ነው የሚያስረጅዎት። ከሚኒስቴር ወደ ክልል ጤና ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ዞን ጤና መምሪያ፣ ከዞን ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከወረዳ ወደ እኔ። ባረፉበት ሁሉ አንድ መሸኛ ይለጠፍብዎታል። ባረፉበት ሁሉ ከመልስ መስጫው ቀን ላይ ይቆረሳል። ሁሉም «አባሪ አድርገን የላክን መሆኑን እንገልጻለን» ብሎ እጁን ይታጠባል። እኔም አባሪ አድርጌ ከሥሬ ላሉት 5 ጤና ኬላዎች አስተላልፋለሁ። ይሄ በእኛ ቤት «ካስኬድ ማድረግ» ይባላል።

ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግን አባሪ አድርጋ የምትልክለት ሰው የላትም። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጅ ተሸከመች፤ ኋላ 18 ሆነ። ክትባቱ፣ የቤተሰብ ምጣኔው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ወባው፣ ሁሉም እሷ ጋ ነው። በዚያ ላይ እርስዎ ሲጨመሩ ይታይዎት። አንዷ ደውላ «ይሄን ደብዳቤ ምን ላድርገው?» አለችኝ። «ተግባራዊ አድርጊው» አልኳት። «ምኑን?» አለች። ኔትወርክ ተቋረጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኔትወርኩን አመሰገንኩት።

ሌላው ነገር፣ ክቡር ሆይ፣ አይሞቱም። በየዘመኑ የመሥሪያ ቤት አሠራር ማሻሻያ እየተባሉ ቢፒአር ሆነው መጡ፣ ቢኤስሲ ሆነው መጡ፣ ካይዘን ሆነው መጡ፣ አንድ ለአምስት ሆነው መጡ። የመጣ ሁሉ አለ፤ የሄደ የለም። እገሌ የሚባለው መመሪያ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል የሚል ደብዳቤ እንደ ዝናብ ነው የሚናፈቀው። ፋርማሲያችን ውስጥ ያለ ፓራሲታሞል እንኳ የአገልግሎት ዘመኑ ማብቂያ ተጽፎበታል። ቀኑ ሲደርስ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ለብቻው ይቆለፍበታል፣ ማንም እንዳይውጠው። እርስዎን ግን ከስንት ዓመት በኋላም እንውጥዎታለን።

የጽዳት ሠራተኛችን በቅርቡ የካይዘኑን ቦክስ ፋይል ይዛ «ይሄስ ይጣል?» አለችኝ። ውስጡ አምስቱን «ማ»ዎች የሚያስረዳ ማኑዋል አለ። የመጀመሪያው «ማ» ማጣራት ነው፤ የማያስፈልገውን ለይቶ ማስወገድ። ማስወገድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይቻልም። ለማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋም የሚሉ ሌላ እርስዎ አሉ። ኮሚቴው ተቋቁሟል። ሰብሳቢው ተዛውሯል። ማኑዋሉ እዚያው ነው።

ስም መቀየርም ይወዳሉ። መድኃኒት የሚያቀርበው መሥሪያ ቤት የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ነበር፤ ፈንዱ ወጣና ኤጀንሲነቱ ቀረ፤ አሁን ደግሞ አገልግሎት ነው። ጤና መድንም ከኤጀንሲ ወደ አገልግሎት ዞሯል። ተቆጣጣሪው ስሙ በ2002 ረዝሞ አንድ መስመር ሙሉ ሆነ፤ በ2011 አጥሮ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተባለ። የፋርማሲ ልጆቻችን ግን እስካሁን ሁሉንም በድሮ ስማቸው ነው የሚጠሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እርስዎና እርስዎ አትተዋወቁም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ደህና ሳለህ አዋጣ፣ ስትታመም ከኪስህ አትክፈል። እና አንዲት እናት ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆማለች። ልጅ አዝላለች። የመድን መታወቂያዋን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በመቀነቷ ቋጥራ ይዛለች። ትፈታዋለች፣ ትገልጠዋለች፣ ታሳያለች። ልጁ የሳንባ ምች ይዞታል፤ የሚሟሟው አሞክሲሲሊን ታዞለታል። አልቋል።

አንደኛው እርስዎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠው የመድን አባል መድኃኒት የለም ተብሎ ወደ ውጭ እንዳይላክ ይላሉ። እሰየው። ሁለተኛው እርስዎ ከአቅራቢው ያልተገኘ መድኃኒት ከውስጥ ገቢ ይገዛ ይላሉ። ይበል። ሦስተኛው እርስዎ የውስጥ ገቢ ያለ ቦርድ ውሳኔ እንዳይነካ ይላሉ። ይሁን፣ ነገር ግን የቦርዱ ሰብሳቢ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባው ስለ እርስዎ አፈጻጸም ነው። አራተኛው እርስዎ ሦስት ፕሮፎርማ (የሦስት ሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ሳይሰበሰብ ግዥ እንዳይፈጸም ይላሉ። በከተማችን ያለው የግል መድኃኒት ቤት ደግሞ አንድ ነው። ከአንድ ሰውዬ ሦስት ፕሮፎርማ እንዴት ይመጣል? (ይመጣል። እንዴት እንደሆነ ግን በጽሑፍ አላሰፍርም።)

ሴትየዋ ይሄን ሁሉ ከየት ታውቃለች? እሷ የምትጠይቀው «አለ ወይስ የለም?» ብቻ ነው። «የለም» ሲሏት ፌስታሉን መልሳ ጠቀለለች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ወደዚያው ወደ አንዱ መድኃኒት ቤት ሄደች። ከኪሷ ከፈለች። መዋጮዋን ከፍላ የጨረሰች ሴት ናት። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ አራታችሁም «ተግባራዊ ተደርጓል» ተብላችኋል።

ስለ ሪፖርት ካነሳን ደግሞ፣ በጤናው ዘርፍ አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት የሚል የቆየ መርህ አለ። ቆንጆ መርህ ነው፤ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምራል። በየወሩ ከ21 እስከ 20 ያለውን ሥራ ቆጥረን ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የኮምፒውተር የሪፖርት ሥርዓት ላይ እናስገባለን። ስንት እናት ወለደች፣ ስንት ልጅ ተከተበ፣ ሁሉም እዚያ አለ። የፈለገ ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ ከፍቶ ያያል። ማን ያያል? በማግስቱ አንዱ ፎካል (የአንድ ፕሮግራም ተጠሪ) ያንኑ ቁጥር በኤክሴል ይፈልገዋል። ሌላው በራሱ ቅጽ ይፈልገዋል። ፓርትነሩ (አጋር ድርጅቱ) በራሱ ቀለም ይፈልገዋል። ሦስተኛው ፎካል ቅጽም አይፈልግ፤ በስልክ ነው።

ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ቆሜ በዓይኔ ያየሁት ነው። አዋላጇ ጓንት አድርጋለች። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛዋለች። «ቆይ፣ እየገፋች ነው!» ትላለች። ከወዲያ ያለው ሰው «ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝና ትገፋለች» ይላታል። እንግዲህ ይቺ የምትወለደው ልጅ በዚያ ቁጥር ውስጥ ትግባ አትግባ እግዜር ይወቀው።

ሱፐርቪዥኑ ሌላ ጣጣ ነው። በመኪና ይመጣሉ፣ ቼክሊስት ይዘው። ኮሚቴ ተቋቁሟል? አዎ። ፎካል ተመድቧል? አዎ። ቃለ ጉባዔ አለ? አዎ፣ ትናንት ማታ ተጽፏል። ያው እኛው ነን የሁሉም ኮሚቴ አባል። የኢንፌክሽን መከላከሉም፣ የጥራቱም፣ የመድኃኒቱም፣ የቅሬታውም ኮሚቴ ቢጠራ የሚመጡት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ የሚለወጠው የቃለ ጉባዔው ርዕስ ነው። አንድ ጊዜ እርስዎ ስለ እጅ መታጠብ መጡና ሠራተኛው ሲታጠብ በፎቶ ተደግፎ ይላክ አሉ። ውኃ የለም። ፎቶ ግን ተነሳን። እጃችንን ከቧንቧው ሥር ዘርግተን፣ ነጭ ጋወን ለብሰን፣ ፈገግ ብለን። «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ ለሌሎች ጤና ጣቢያዎች ተላከ።

እንተዋወቅ እንግዲህ። እርስዎ የሚጻፉት ነገር ሲበላሽ የጻፈው ሰው «እኛማ አሳውቀናል» እንዲል ነው። ኦዲተር ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደብዳቤው ደርሷችሁ የለ?» ነው። በጀት ደርሷችኋል ወይ፣ ሰው ተቀጥሮላችኋል ወይ፣ መድኃኒቱ መጥቷል ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። ደብዳቤ የጻፈ ከተጠያቂነት ወጣ፤ የተቀበለ ገባበት። ተቀባዩም ቶሎ ብሎ ወደ ታች ይጽፋል። ኃላፊነቱ እንዲህ ሲንከባለል ሲንከባለል ያቺ ኔትወርክ የተቋረጠባት ልጅ ስልክ ላይ ያርፋል። ገጽ 2ም ሳይኖረው።

ሐሜት ብቻ እንዳይሆንብኝ፣ ደህና ሆነው የመጡበትም ጊዜ አለ። ድሮ ኤችአይቪ የተገኘበት ሰው መድኃኒት ለመጀመር ሲዲፎሩ (በደሙ ያለው የበሽታ መከላከያ ሴል ቁጥር) እስኪወርድ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ እርስዎ መጥተው ቁጥር አትጠብቁ፣ እንደተገኘበት ይጀምር አሉ። ምን እንደቀረና ምን እንደተተካ ግልጽ ነበር፤ መድኃኒቱም አብሮ መጣ። ኮቪድ ጊዜም ቶሎ ቶሎ ሲቀያየሩ ብዙም አልተቆጣንዎትም፤ በሽታው ራሱ አዲስ ነበር። ታዲያ መቻሉን ከቻሉ ምነው ዘወትር እንዲህ ቢሆኑ?

ስለሆነም ልመናዬ ይህ ነው። ሲመጡ የትኛውን ወንድምዎን ሽረው እንደመጡ ይንገሩን። ወጪው ከየት እንደሚሸፈን ይጻፍብዎ፤ «ባለው በጀት» የሚባለውን አገር አናውቀውም። ሙሉ መመሪያ ሆነው የሚመጡ ከሆነ ወረቀትና ቶነር ይዘው ይምጡ፤ የ6212 (የጽሕፈት መሣሪያ) በጀታችን በጥቅምት አልቋል። ሥልጠና ካለዎትም ሁሉንም ነርስ በአንድ ቀን አይጥሩብን፤ የበሽተኛው ሰልፍ አበል የለውም።

መልስዎን እስከ ሰኔ 30 ድረስ እንዲልኩልን እንጠይቃለን። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ስለሚዘጋ፣ ዕቅድም እንደ አዲስ ስለሚከለስ፣ እኔም ልዛወር ስለምችል፣ የሚቀበልዎት ሰው ላይኖር ይችላል።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ አለው፣ ቲተር አለው፣ ማኅተም የያዘችው ልጅ ሥልጠና ላይ ናት)

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፣ እራት ለምን እንደሚቀዘቅዝ እንድታውቀው
ለከተማችን መድኃኒት ቤት፣ ሦስቱን ፕሮፎርማ በተለያየ እጅ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ
ለንብረት ማስወገድ ኮሚቴ፣ ሰብሳቢ ሲመደብለት