ስለ መስኮቱ ብቻ አታውሩ

ስለ ባሕር ውስጥ ምግብ ቤት የጻፋችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን በደቡብ ኖርዌይ፣ ሊንደስነስ ስላለው «ኡንደር» የተባለ ምግብ ቤት ስታወሩ የባሕሩ ውስጥ ስለሚታይበት መስኮት ብቻ ነው የነገራችሁን። መስኮቱ በእርግጥ ያስደምማል፤ 11 ሜትር ይሰፋል፣ ከፍታውም ከ3 ሜትር በላይ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ግድግዳው ነው።

ሕንፃው 34 ሜትር የሚረዝም ኮንክሪት ነው። አንዱ ጫፍ የባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ ያርፋል፤ ሌላው አዘንብሎ 5 ሜትር ተኩል ያህል ውሃ ውስጥ ይገባል። የውጩን ገጽ ሆን ብለው ሸካራ አድርገውታል። ለምን? የባሕር ቀንድ አውጣና የባሕር አረም እንዲጣበቅበት። ሰው የገነባው ነገር ቀስ በቀስ ለዓሣ መጠለያ ይሆናል ማለት ነው! ይህን ሐሳብ ያመጡት የስኖሄታ አርክቴክቶች ናቸው፤ የእስክንድርያን አዲሱን ቤተ መጻሕፍት የነደፉት እነሱው።

ስሙም ደስ ይላል። በኖርዌይኛ «ኡንደር» «ከታች» ማለት ነው፤ «ተአምር» የሚል ትርጉምም አለው።

ለመሄድ ላሰባችሁ አንድ ምክር ልስጥ። እንደ ማልዲቭስ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃና ባለ ቀለም ዓሣ አትጠብቁ። የሰሜኑ ባሕር ቀዝቃዛ ነው፤ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ አንዳንዴም ይደፈርሳል። ለእኔ ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ባሕሩ ለእንግዳ ብሎ አልተኳለም። ከቻላችሁ ገና ሳይመሽ ግቡና ብርሃኑ ሲለዋወጥ ተመልከቱ።

ምግቡ በ2020 እ.ኤ.አ. የሚሽሊን ኮከብ (ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጥ ታዋቂ ዕውቅና) አግኝቷል። ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል፤ አስቀድማችሁ አጠራቅሙ።