ጥፍራችንን የምንቀልብ ሕዝቦች

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ስኒ ለመቀበል እጄን ብዘረጋ፣ ለአንድ ሠርግ ሲባል የተለጠፈልኝን ሰው ሠራሽ ጥፍር በጥርሴ ከነቀልኩት ወዲህ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳውን ጥፍሬን ያየ እንግዳ ሁሉ ቡናውን ትቶ ሕክምና ጀመረ። አገራችን የሐኪም እጥረት አለባት የሚሉ ሰዎች ቡና ጠጥተው አያውቁም ማለት ነው። አንዷ ሎሚ፣ ሌላዋ የእንቁላል አስኳል፣ ሦስተኛዋ የወይራ ዘይት አዘዘችልኝ፤ ጥፍሬ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ያዩ አንድ አባት ደግሞ «ካልሲየም ነው፤ ወተት ጠጪ» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ነጥቧ መሳቢያ ሲቆነጥጠኝ የተረፈችኝ ናት ብሎ ለመከራከር ድፍረቱ ከየት ይምጣ?

ከሁሉ የላቀችው ግን የነጭ ሽንኩርት ሊቋ ናት። ሦስት ፍሬ ተልጦና ተከትክቶ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ውስጥ ይገባና ሰባት ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያ ጧትና ማታ ይቀባል። ሁለት ቢሆንስ? አይሠራም። አራት ቢሆንስ? ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርቱም ደቃቁ የሀበሻው እንጂ ያ ጉልበት የሌለው የፈረንጁ መሆን የለበትም። በስምንተኛው ቀን ጠርሙሱን ስከፍት ባለቤቴ ምን ወጥ እየተሠራ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ተቀብቼ ታክሲ ስገባ ደግሞ በመጋቢት ሙቀትም ቢሆን «ብርድ ያመኛል፣ ዝጉት» የሚለው ተሳፋሪ ሁሉ፣ በታክሲ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ በአንድ ድምፅ መስኮት አስከፈተ። ይህን ያህል ኃይል ያለው መድኃኒት የትኛው ፋርማሲ ይገኛል?

እርግጥ የምናየው የጥፍር ክፍል ኬራቲን የተባለ ነገር የሞላበት የሞተ አካል ነው፤ ሕይወት ያለው ከቆዳው ሥር፣ ከመነሻው ላይ ብቻ ነው። የሞተን በእንቁላልና በዘይት ማስተናገድ ደግሞ በእኛ ባህል ተዝካር ይባላል። የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ መንፈቁንም አብረን ልናወጣለት እንችላለን። ዘይቱስ እርጥበት ስለሚይዝ ባልከፋ፣ ለዚያ ቫዝሊንም ይበቃ ነበር እንጂ፤ ሎሚው ግን አሲድ ነው፣ የሳሳውን ይበልጥ ያደርቀዋል።

ይህን ሁሉ ጥበብ ስንለዋወጥ ስኒ የምታጥበው ልጅ ከጓዳ ወጣች። ጥፍሮቿ በበረኪና ተሰነጣጥቀው ዙሪያቸው ቀልቶ አብጧል። ከዚያ ሁሉ ሐኪም አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም። ጥፍርን የሚያጠፋው ቀኑን ሙሉ ሳሙናና ውሃ ውስጥ እየገቡ መውጣት ነውና ጓንት ግዙላት ብል፣ «አይመቻትም፤ ደግሞም ስኒ ያንሸራትታል» ተባልኩ። ማንን ነው የማይመቸው? ልጅቷን ማን ጠየቃት? ለራሱ ጥፍር እንቁላል የሚሰብር ቤት ለሰው ልጅ እጅ አንድ ጓንት መግዛት ሲከብደው ማየት ያሳፍራል፤ ያናድዳልም።

ወደ ሊቋ ልመለስ። ቀኝ እጄ እንጀራ የምቆርስበት ስለሆነ ነጭ ሽንኩርቱን የቀባሁት ግራውን ብቻ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የግራው ጥፍር አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል አድጎ ስለተገኘ ሊቋ እልል አለች። ምንም ያልነካው ቀኙም ልክ ያንኑ ያህል ማደጉን ባሳያት፣ ሁለቱን እጆቼን አገላብጣ መረመረችና በሐዘኔታ ተመለከተችኝ።

«ሽታው ደርሶት ነዋ!»