ማዘዣ ሲከለከል በደረሰኝ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2010 ዓ.ም. ካርፔንተር በተባለው መዝገብ አንድ ውሳኔ ሰጠ። መርማሪዎች የአንድን ሰው የ127 ቀን ውሎ፣ ማለትም የት የት እንደነበረ የሚያሳየውን መረጃ፣ ከስልክ ኩባንያ ሲወስዱ የዳኛ ማዘዣ ሊኖራቸው ይገባ ነበር አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ግን ሌላ በር አላጡም። የሰውን ውሎ ከስልክ መተግበሪያዎች ሰብስቦ ከሚሸጥ የመረጃ ነጋዴ ይገዛሉ። ማዘዣ የለም፤ ደረሰኝ ይበቃል።

እዚህ ደሴ የሰኞ ገበያ ደላላ እንኳ ሻጭና ገዢን አገናኝቶ ነው ኮሚሽኑን የሚቀበለው። በዚህኛው ንግድ የሚሸጠው ሰው መሸጡን አያውቅም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሰላት ሰዓትና ቂብላ (ሲሰገድ የሚዞሩበትን አቅጣጫ) የሚያመለክተው «ሙስሊም ፕሮ» የተባለ የስልክ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መገኛ «ኤክስ ሞድ» ለተባለ ነጋዴ ይሰጥ እንደነበር ተጋለጠ። ከኤክስ ሞድ ደንበኞች መካከል ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩ። መተግበሪያው ግንኙነቱን አቋርጫለሁ አለ፤ የተሸጠው ግን ተሸጧል።

ፒያሳ አንድ ሞባይል ቤት ቆመው ይመልከቱ። ልጁ ለአንዲት እናት እንዲህ ዓይነት መተግበሪያ ሲጭን «ፍቀድ» የሚለውን በየተራ ይጫናል። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» ሲሉት፣ «የሰላት ሰዓት እንዲነግርዎ ነው እማማ፣ አያስቡ።» አልዋሸም። ግማሹን ነው የነገራቸው።

«ኩባንያ የሚገዛውን መንግሥት ቢገዛ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ሳሙና ሻጭ ውሎዬን ቢያውቅ ቢበዛ የሳሙና ማስታወቂያ ይልክልኛል፤ መንግሥት ግን እስር ቤት አለው። ደሴ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ የገባች ከተማ ናት። «ያኔ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ምን ያህል እንደሚከብድ ለደሴ ሰው አይነገርም።

አሜሪካኖቹ ቀዳዳውን ለመድፈን ሞክረዋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤታቸው ግዢውን የሚከለክል ረቂቅ 219 ለ199 አሳለፈ፤ ሴኔቱ ግን አላጸደቀውም።

እኛም በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥተናል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። ፋይዳና ቴሌብር በየቤቱ በገቡበት በዚህ ጊዜ የመረጃ ገበያው እስኪደራ መጠበቅ የለብንም። ባለሥልጣኑ በመመሪያ አንድ ነገር በማያሻማ ቋንቋ ይጻፍ፤ ለመውሰድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስፈልገውን መረጃ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ያለ ትእዛዝ መግዛትም አይችልም። የተገዛም ካለ ከማን፣ በስንት ብር እንደተገዛ ለምክር ቤት ይቅረብ።