አራሷን የሚያስተኛት ጡጦ አይደለም

«የሚያለቅሰው ወተትሽ አልበቃው ብሎ ነው። ማታ ማታ አንድ ጡጦ ብትሰጪው እሱም ይተኛል፣ አንቺም ታርፊያለሽ።» አራስ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህን ምክር ሰምቶታል፤ ብዙዎቻችንም ሰጥተነዋል። የሚመክሩት እናቶችና አክስቶች ክፉ አስበው አይደለም። ዓይኗ የጎደጎደ፣ ቆማ የምታንቀላፋ ልጃቸውን ሲያዩ አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው። እኔ ግን ምክሩ አራሷን አያስተኛትም ባይ ነኝ። እንዲያውም እንቅልፍ የነሳት ነገር ምን እንደሆነ እንዳናይ ያደርገናል።

የዱቄት ወተት ከጡት ወተት ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚፈጭ እውነት ነው። ጥያቄው ግን የእናትየዋ እንቅልፍ ይጨምራል ወይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ጥናት የሦስት ወር ሕፃን ያላቸውን አዲስ ወላጆች ተመልክቷል። ማታና ሌሊት ልጃቸው ጡት የሚጠባላቸው ወላጆች የዱቄት ወተት ከሚሰጡት በአማካይ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ የበለጠ ይተኙ ነበር። በ2010 በፔዲያትሪክስ መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጡት ብቻ በሚያጠቡ፣ የዱቄት ወተት ብቻ በሚሰጡና ሁለቱንም በሚያቀላቅሉ እናቶች እንቅልፍ መካከል ልዩነት አላገኘም። የሁለቱ ውጤት አንድ አይደለም፤ ጡጦ እናትን ያስተኛል የሚል ግን ከሁለቱም አይወጣም።

ምክንያቱን ሌሊት ጡጦ ያዘጋጀች ሁሉ ታውቀዋለች። መነሳት፣ መብራት ማብራት፣ ውሃ ማፍላት፣ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ዱቄቱን መለካት አለ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ያለቅሳል። ኋላም ጡጦውን ማጠብና መቀቀል ይቀራል። ያን ጊዜ እንቅልፉ ጠፍቷል። ጎኗን ሰጥታ የምታጠባ እናት ግን ሳትነቃ ማለት ይቻላል ታጠባለች። (ሶፋ ላይ ሕፃን ታቅፎ ማንቀላፋት አደገኛ ነው፤ አልጋ ላይም ብርድ ልብሱና ትራሱ ፊቱን እንዳይሸፍነው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።)

ከዚህ የባሰው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከቀን ይልቅ ሌሊት ከፍ ይላል። የሌሊቱን ጡት በጡጦ የተካች እናት መጀመሪያ ጡቷ አጋቶ ያማታል፤ ሲውል ሲያድር ደግሞ ወተቷ ይቀንሳል። «አልበቃውም» የተባለው፣ በመጀመሪያው ቀን ውሸት የነበረው፣ በወሩ እውነት ሆኖ ያርፋል።

እንቅልፍ የነሳት ታዲያ ምንድን ነው? ብቻዋን መሆኗ ነው። አራስ ቤት ሲባል ገንፎና አጥሚት ብቻ አልነበረም። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ እናቷ አጠገቧ ትተኛለች። ልጁ ሲያለቅስ አንስታ ታቀብላታለች፤ ጠብቶ ሲያበቃ ተቀብላ ታስገሳዋለች፣ ጨርቁን ትቀይራለች። ከአራሷ የሚጠበቀው ጡቷን መስጠት ብቻ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የወለደችው ልጅ እናቷ ሩቅ ናት፤ ባሏ ደግሞ ነገ ሥራ አለው ተብሎ ሌላ ክፍል ይተኛል። ዋሽንግተን ዙሪያ የምትወልደው እህታችን እናቷን በቪዛ ነው የምትጠብቃት። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሚሰጣት ፈቃድም 12 ሳምንት ሆኖ ደመወዝ የለውም፤ ያውም ሁሉም ሠራተኛ አያገኘውም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳትሰጪው ትላለች። ትክክል ናት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ሌሊቱን ማን ያግዛታል ብሎ ባሏን የጠየቀ አለ? እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በሀገራችን ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት 58 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እንዲል የምንፈልግ ከሆነ የእናቲቱ እንቅልፍ የምክሩ አካል መሆን አለበት። እንቅልፍ ማጣት ሲደራረብ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት በር ይከፍታል፤ እኛም «አራስ ናት፣ ያልፍላታል» ብለን ዝም እንላለን።

በሕመም፣ በመድኃኒት ወይም በሥራ ምክንያት ጡት የማታጠባ እናት አለች። ጥፋተኛ አይደለችም፤ ይህን ጽሑፍ አንብባ እንድትሸማቀቅም አልፈልግም። ለእሷ ጡጦ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። አባትየው ተነስቶ ካዘጋጀና ካጠባ እውነትም ትተኛለች። እሷው ተነስታ የምታዘጋጀው ከሆነ ግን ምን ተረፋት? የምታጠባዋም ቢሆን ባሏ ሌሊት ዳይፐር ቢቀይር፣ ልጁን ቢያስገሳ፣ ጎህ ሲቀድ ተቀብሏት ሁለት ሰዓት ይዞት ቢቀመጥ ሌላ ሰው ሆና ትውላለች።

ይህ ደግሞ በባል መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቢ የተባለችው ሴት በሦስተኛው ወር፣ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ፣ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች። አዋጁ በሚሻሻልበት ቀን የእናት ፈቃድ ወደ ስድስት ወር፣ የአባት ደግሞ ቢያንስ ወደ አንድ ወር ከፍ እንዲል እጠይቃለሁ፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጎን ይህን ይዘው ይቅረቡ።