አልሰማህም እንዴ?

ሆስፒታል ወረፋ ላይ ነኝ፤ 87 ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይዣለሁ። አሁን የተጠራው 41 ነው። ስለዚህ ጊዜ አለኝ፤ ስልኬ ላይ ልጻፍ።

እማዬ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ቀኗ ነው። የጤና መድህን መታወቂያዋን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በመሐረብ ቋጥራ፣ መሐረቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ቦርሳዋን በነጠላዋ ሸፍና ነው የመጣችው። ባንክ ቤት እንኳ ለብር እንዲህ አይጠነቀቅም።

እኔ የመጣሁት ላደርሳት ነበር። "ከመጣህ አይቀር ያን ጉልበትህን ታይ" አለችኝ። እሺ ብዬ ካርድ ላወጣ ሄድኩ። በእሷ መድህን አልታከምም። 18 ዓመት ያለፈው ልጅ ለብቻው ካልተከፈለለት በቀር ከቤተሰብ አይቆጠርም። ለእናቴ ገና ልጅ ነኝ፤ ለመድህኑ ግን ትልቅ ሰውዬ ነኝ።

የለመድኳትን 20 ብር በመስኮቱ ቀዳዳ አሾለክሁ። ልጅቷ ብሩን አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ከመቃብር የተነሳ ሰው ያየች ነው የምትመስለው።

"80 ጨምር" አለች።

"ለምን?"

"ተሻሽሏል። አልሰማህም እንዴ?"

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ሴትዮ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። እሷ ሰምታለች ማለት ነው። እኔ ከመምጣቴ አንድ አሥር ደቂቃ በፊት፣ እዚያው ሰልፍ ላይ።

ብሩን ጨመርኩ። ያናደደኝ ብሩ አይደለም። (ውሸቴን ነው፤ ብሩም አናዶኛል።) የባሰችብኝ ግን ያቺ "አልሰማህም እንዴ?" ናት። የታክሲ ረዳቱ ይላታል፣ የዳቦ ቤቷ ልጅ ትላታለች፣ የወረዳው ጸሐፊ ይላታል። አንዴ ከተባለች በኋላ ጥፋተኛው ያልነገረው ሰው መሆኑ ቀርቶ ያልሰማው ይሆናል። ከፍለህም ይቅርታ ጠይቀህም ነው የምትሄደው።

እሺ፣ ከማን ልስማ? ዜና እከታተላለሁ። ዜናው "ባለድርሻ አካላት በተገኙበት የምክክር መድረክ ተካሄደ" ይላል። ውሃ የተደረደረበት ጠረጴዛ ይታያል፣ የሚያጨበጭብ ሰው ይታያል። ምን ተወሰነ ስትል ዜናው ወደ ስፖርት ይሄዳል።

ደግሞ "ተሻሻለ" የምትባለው ቃል ራሷ ሐኪም ያስፈልጋታል። በልጅነታችን ተሻሻለ ማለት ወደ በጎ ተለወጠ ማለት ነበር። ጠባይ ይሻሻላል፣ ውጤት ይሻሻላል፣ በሽተኛም ይሻለዋል። አሁን "የነዳጅ ዋጋ ማሻሻያ"፣ "የታሪፍ ማሻሻያ"፣ "የአገልግሎት ክፍያ ማሻሻያ" ሲባል ቀነሰ ብሎ የሚጠረጥር አንድ ሰው አይገኝም። ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ነው የሚሰደው። ቅድም እዚሁ ኮሪደር ላይ ሐኪሙ አንዱን አስታማሚ "ዛሬ በጣም ተሻሽሏል" ሲለው ሰምቻለሁ። ሰውዬው "ስንት ገባ?" እንዳይል ፈርቼ ነበር።

53 ተጠራ።

ለነገሩ የዋጋ ዝርዝሩ ተለጥፏል። ሰው አልበድልም፣ ተለጥፏል። ከመስኮቱ ጎን፣ በሩ ሲከፈት ከሚሸፍነው ቦታ ላይ። ወረቀቱ በቁስል ፕላስተር ነው የተያዘው። ሐምራዊው ማኅተም ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል ልክ ቁጥሮቹ ላይ አርፏል። ታችኛው ጥግ ተላቆ ታጥፏል፤ ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለ። ከዚያም ሥር ሌላ። ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ገለጥ አደረግሁት። ሁለተኛው ላይ ካርድ 20 ብር ይላል። ሦስተኛው በእጅ የተጻፈ ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ካርድ 5 ብር። እንዳይጭበረበር "አምስት ብር ብቻ" ተብሎ በፊደል ተደግሟል። "ብቻ" የምትለዋን ሳይ ሆዴ ባባ። ሉሲን አፋር ላይ ከአፈር ያወጧት ሰዎችም እንዲህ ሳይሰማቸው አልቀረም።

"ወንድም፣ አይነካም" አለኝ ጥበቃው።

5 ብር ትመለስ እያልኩ አይደለም። የላብራቶሪው ኬሚካል፣ የራጁ ዕቃ፣ ብዙው መድኃኒት በዶላር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ሆስፒታሉም እንደኛው ገበያ የሚወጣ ነው። በዚያ ላይ ከካርድና ከምርመራ የሚሰበሰበው ብር ድሮ በቀጥታ ወደ መንግሥት ካዝና ነበር የሚገባው፤ በ1990 ከወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ወዲህ ነው ተቋማቱ ገቢያቸውን ለራሳቸው ማዋል የጀመሩት። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና አሁንም በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ናቸው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ጨምሩ። ስትጨምሩ ግን ንገሩኝ። ይኸው ነው ያልኩት።

እማዬን መድህን ውስጥ ለማስገባት ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን የሚባለው በ2003 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር መዋጮው በአንዳንዱ ክልል ለአንድ ቤተሰብ በወር 10 ብር ከ50፣ በሌላው 15 ብር ነበር። እኛ ሠፈር ሲደርስ ያ ዘመን አልፏል፤ መዋጮውም "ተሻሽሏል"።

"ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?" አለችኝ።

"ዕድርስ ሳትሞቺ አይደል የምትከፍዪው?"

"ዕድር እኮ እርግጠኛ ነው" አለች።

ለዚህ መልስ የለኝም።

ዕድር ካነሳን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የኛ ዕድር ወርሃዊ መዋጮው ላይ 10 ብር ለመጨመር ሦስት እሑድ ፈጅቷል። የመጀመሪያው እሑድ ስለ አሥሩ ብር ተሟገትን። ሁለተኛው እሑድ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ። ሦስተኛው እሑድ ስለ ድስቱ። ከ2009 ጀምሮ ጠፋ የሚባል አንድ ትልቅ ድስት አለ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በአባቴ ለቅሶ ነው ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ መዋጮ ሆነ ስለ ወንበር ስብሰባ ሲጠራ አንድ ሰው አይጠፋም፣ እጁን አውጥቶ "ያ ድስት ግን..." የሚል። ከዚያ ሁሉም ዞር ብሎ እኔን ያያል። እንግዲህ ይኸው በጽሑፍ ይቀመጥልኝ፤ ድስቱ እኛ ቤት አልቀረም። ክዳኑ ቀርቷል። ክዳኑን መልሰናል። የዕቃ ቤት ኃላፊው የዚያን ጊዜ ፈርሞ ነው የተቀበለው። አሁን ፈርሜያለሁ አይልም።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ዕድር። ድስቱን ተዉትና፣ 10 ብር ሲጨመር ሰው ሁሉ ያውቃል። ጥሩምባ ነፊው በሌሊት በየበሩ እየዞረ ስብሰባ አለ ይላል። የቀረ ይቀጣል። የተቃወመ ይሟገታል፣ ይሸነፋል፣ እያጉረመረመ ይከፍላል። ግን አንድም ሰው "አልሰማህም እንዴ?" አይባልም። ሁሉም ሰምቷል፤ ጥሩምባው ሕፃን ሳይቀር ቀስቅሷል። የጤና ክፍያ ሲጨምር አንድ ጥሩምባ ነፊ ቢቀጠር ምን ነበረበት?

64። ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ስለዚህ 64 ለአንድ ሰዓት 64 ሆኖ ይቆያል።

ደመወዝተኛው ደግሞ የራሱ ተረት አለው። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ነው የወጣው። ከሠራተኛው 3 ከመቶ፣ ከአሠሪው 3 ከመቶ ይዋጣል ተባለ። "ዘንድሮ ይጀመራል"፣ "ለከርሞ አይቀርም" ሲባል፣ በዚያው ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እሱን እንኳ ሰምተናል። ስንሰማ ከረምን።

እማዬ በስንት ልመና ከተመዘገበች በኋላ መድህኑ ምን ምን እንደሚሸፍን አንብብልኝ አለችኝ። የተኛም ተመላላሽም ታካሚ፣ ላብራቶሪ፣ ራጅ፣ መድኃኒት። ፊቷ ፈካ። ወደማይሸፍነው ደረስን። መነጽር። ሰው ሠራሽ ጥርስ።

"ዓይኔና ጥርሴ የማን ናቸው ታዲያ?" አለች።

እውነቷን ነው። መነጽር እንደማይሸፈን የሚናገረው መስመር የተጻፈው ደግሞ ጉንዳን በሚያህል ፊደል ነው። ለማንበብ መነጽር ይፈልጋል።

ከተረት ሁሉ የምወደው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ለሁሉም ነገር ይጠቅሰው ነበር፤ ለትዳርም፣ ለብድርም፣ ለሒሳብ ትምህርትም። እኔም ባገኘሁት አጋጣሚ እጠቅሰዋለሁ። እዚህ ግቢ ግን ተረቱን የሚፈጽመው አንድ ወገን ብቻ ነው። እማዬ ምኗንም አልደበቀችም። በር ላይ ጥበቃው "እማማ፣ ምን ሊታዩ ነው?" አላት፤ ነገረችው። ካርድ ክፍል ተጠየቀች፤ ነገረች። ግፊት የምትለካዋ ነርስ "ስኳርዎ ስንት ነበር?" ብላ ከኮሪደሩ ጫፍ ጮኸች፤ እማዬ ከዚህኛው ጫፍ መለሰች። አሁን ስኳሯን የማያውቅ ወረፋ ጠባቂ የለም። አንዱ እንዲያውም አብሽ ጥሩ ነው ብሎ መክሯታል። በሽታው እንግዲህ ተገልጧል። መድኃኒቱን የደበቀው ማነው?

ባለፈው ወር መስኮቱ ላይ ስንደርስ "የለም፣ ከውጭ ግዙ" ተባልን። ገዛን። ከኛ ፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የመድህን መታወቂያቸው እንደ እማዬ በፌስታል የተጠቀለለ ነው። ከታዘዘላቸው ሦስት መድኃኒት አንዱም የለም። ማዘዣውን መስኮቱ ላይ አስተካክለው ዘረጉና በጣታቸው እየነኩ፣ "ልጄ፣ ከነዚህ የቱ ይበልጣል? አንዱን ነው መግዛት የምችለው" አሉ። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን አየ። መልስ አልሰጠም። ምን ይበል? መዋጮአቸውን በሰዓቱ ከፍለዋል፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው በወጉ መጥተዋል፣ ሲነጋጋ ተሰልፈዋል። የተባሉትን ሁሉ አድርገዋል። እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። መድህንና መድኃኒት ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ከመዳን ነው የመጡት። ታዲያ አንዱን ከኪሴ ይዤ ስመጣ ሌላው ለምን ቤት እንደማይገኝ አንድ ሰው ወጥቶ ይንገረኝ። ይህን ለማስረዳት አልዘገየም፤ ለመስማት ተሰልፌያለሁ።

79። ፈጠነ፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሄዷል መሰለኝ።

ከጎኔ ያለው ልጅ አነጠሰ። አራት ሰው በአንድ ድምፅ "ይማርህ!" አለው። ይቺ አሁንም በነፃ ናት። ጮክ ብዬ አላወራሁም፣ እንዳትሻሻል።

ወደ ካርድ ክፍሏ ልጅ ልመለስ። ብዙ ወረፍኳት መሰለኝ። ቅድም ሽንት ቤት ስሄድ በመስኮቱ በኩል ሰማኋት፤ "ተሻሽሏል፣ ተሻሽሏል" እያለች ድምጿ ሊዘጋ ነው። አንዱ ሰደባት። ዝም አለች። አጠገቧ ላለችው ጓደኛዋ ምን እንዳለቻት ታውቃላችሁ? "እኔም እኮ ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት።" ያን ጊዜ እንደኔው መሆኗ ገባኝ፤ ልዩነታችን መስታወቱ ነው። ሄጄ ይቅርታ ልላት አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ 80 ብሬ ትዝ አለኝና ትንሽ ላስብበት ብዬ ተቀመጥኩ። ድስቱም ቢሆን መጀመሪያ ጠፋ ያለው ሰው

እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ቦርሳዋን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ቆማለች።

"ተነስ እንጂ! 87 ሲሉ አልሰማህም እንዴ?"