ማስተካከያ፦ የሻገተ በርበሬ ታጥቦ አይበላም

ባለፈው ስለ ጓሮ በርበሬ አደራረቅ ስጽፍ ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። «ሦስት ቀን ፀሐይ ይበቃዋል» ያልኩት ለደሴ አይሆንም። ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱና ጉሙ ያዘገየዋል። ማታ ካላስገባችሁት ጤዛው መልሶ ያረጥበዋል። ቀን አትቁጠሩ፣ ዛላውን ስበሩት። ቀጭ ካለና ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርሷል። እንደ ቆዳ ከታጠፈ ገና ነው።

የባሰው ስህተቴ «ከሻገተ አጥባችሁ አምሱት» ማለቴ ነው። እባካችሁ እንዳታደርጉት! ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ማጠብም ማመስም አያስወግደውም። ላዩ ደማቅ ቀይ፣ ሲከፈት ግን ውስጡ ግራጫ አቧራ የሆነ ዛላ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን ጣሉት፤ ለዶሮም አትስጡ። ያስቀመጣችሁት ካለም ከማስፈጨታችሁ በፊት እየከፈታችሁ እዩት።